ጋሽ ዘለቀ የተቀመጡበት ባትሪ

ሚስት ለማግባት ያሰበ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በልጅቱ ቤተሰብ ነው፤ በድግሱ ነው፤ ቢብስ ቢብስ በገዛ መልኩ ነው። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት በባትሪ ነው። የእጅ ባትሪ እንዳይመስላችሁ፤ ሆዱ ውስጥ አሲድ የሚያንቦጫቡጭ፣ ተሸክመውት ሲሄዱ ወገብ የሚያጎብጥ የመኪና ባትሪ ነው። ሌላው ሰው በእንዲህ ያለ ሰሞን ስለ ፍቅር ያልማል። እኔ ስለ ፕላስና ማይነስ አልም ነበር።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙ ሳትቆይ ነው። በዚያ ዘመን ከተማችን ውስጥ አዲስ ያልሆኑት ባሮ ወንዝና ሙቀቱ ብቻ ነበሩ። ትናንት መጋዘን ብለን የምናውቀው ቤት ዛሬ ቢሮ ሆኖ ይጠብቀናል። ቢሮው ማኅተም አለው፣ ወንበር የለውም፤ ኃላፊ አለው፣ መኪና የለውም፤ መኪና ያለው ደግሞ ባትሪ የለውም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነበርኩ እንጂ ባለሥልጣን አልነበርኩም። ሆኖም እንደ ባለሥልጣን መኪና ነበረኝ፤ እንደ ባለሥልጣንም ባትሪ አልነበረኝም።

መኪናዬ ቮልስ ናት። ወባ መከላከል ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጄ ወደ ደጋ ሲዛወር መንገዱን አስቦ ተስፋ ስለቆረጠ ለእኔ ትቷት ሄደ። ጋምቤላ ውስጥ ቮልስ መያዝ ለዓሣ ጃንጥላ እንደ መግዛት ነው ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም። የቮልስ ነገር ሁሉ የተገላቢጦሽ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ፣ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል ተብሎ ከማይጠረጠር ቦታ ነው የሚቀመጠው።

ያን ባትሪ ሙቀቱ ገደለው። ውሃ ብጨምርለት ጠጣ፣ ቻርጅ ባስደርገው ጠጣ፤ እንደ አንዳንድ ወዳጆቼ ሲጠጣ እንጂ ሲነሳ አይታይም። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቼ ገፍተው ያስነሱልኛል። «ቲቸር፣ ዛሬ ፈተና አለ?» ይላሉ። የለም ካልኳቸው ወደፊት ይገፉኛል፣ አለ ካልኳቸው ወደ ቤቴ ይመልሱኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዕድሜ ልኬን በኖርኩ ነበር። አሪየት መጣች እንጂ።

አሪየት ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ነበረች። የአኙዋ ልጅ ናት፤ ያደገችው አቦቦ አካባቢ ነው። ጣቶቿ ታይፑ ላይ ሲሮጡ ለማየት ስል ትምህርት ቤታችን የማይፈልገውን ደብዳቤ ሁሉ ሳስጽፍ ከረምኩ። እወዳት ነበር። ይህቺን በቀልድ አላልፋትም። እሷም እንደምትወደኝ በገዛ አፏ ነግራኛለች፤ ነገር ግን ከኋላው «አባቴ ግን» የምትል ጭራ ነበረችው።

አባቷ አቶ ኦቻላ በቆሎ ገበሬና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ እንደተነገራቸው የላኩት መልስ ስድብ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ደገኛ መሆኑ አያስጨንቀኝም» ብለው ላኩ። «ብቻውን መሆኑ ነው። ልጄ ብትታመም፣ ቢጣሉ፣ እሱ ቢሞት፣ የማንን በር ታንኳኳለች? ሰዎቹን ይላክ። ልያቸው።»

ሰዎቼ ያሉት ጎጃም ነው። በዚያን ጊዜ ከጎጃም ጋምቤላ መምጣት ኑዛዜ ተናዞ የሚጀመር መንገድ ነበር። አቶ ኦቻላ ደግሞ ቀን ቆርጠዋል፤ ቅዳሜ ቤታቸው ይቆዩናል፣ ከዚያ በኋላ አኮቦ ያሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደው ክረምቱን እዚያ ይከርማሉ። በዚያ ላይ ከኢታንግ በኩል አንድ ሌላ ጠያቂ አለ አሉ። እሱ አጎቶች አሉት፣ የአጎት ልጆች አሉት፣ ይባስ ብሎ የሚሠራ ሞተር ሳይክል አለው። እንግዲህ ቅዳሜ አቦቦ ካልደረስኩ አሪየትን ዝናቡ ይወስዳታል፤ ዝናቡ ቢተዋት ሞተር ሳይክሉ አይተዋትም።

ያገኘሁትን ሽማግሌ ሰበሰብኩ። አንደኛው ጎረቤቴ ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ሰውነታቸው እንደ ሙሉ ኩንታል፣ ንግግር የሚያውቁ። ሁለተኛው ከሆስፒታሉ ድሬሰር ሙላቱ ነው፤ ቀጭን፣ ከጋሽ ዘለቀ ጋር አንተ የሚባባል፣ ሰው ሁሉ ወባ ያለበት የሚመስለው። ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ መምህር ኦሞድ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ከአሪየት ሰፈር የተወለደ፣ መንገዱንም ቋንቋውንም የሚያውቅ። እንደ ባህሉ ቢሆን ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየነከሰ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። ግን ከአራታችን መኪና መንዳት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

«በአቦቦ መኪና እንሂዳ» ብዬ ነበር። የአቦቦ መኪና ማለት ከላይ እህል፣ ከእህሉ ላይ ሰው፣ ከሰው ላይ ዶሮ የሚጫንበት ፒክአፕ ነው።

ጋሽ ዘለቀ ተቆጡ። «ሽማግሌ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የሰው ልጅ አይጠይቅም። አንተ ሾፌር ሆነህ ትወስደናለህ፤ ስንደርስ ከመኪናህ አትወርድም። ባትሪ ብቻ ፈልግ።»

ከዚያ በኋላ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጠመኔውን ትቼ በመስኮት ወደ ገበያው አያለሁ። ከተማው ሁሉ መካሪዬ ሆነ፤ ጋምቤላ ውስጥ የታመመ መኪና እንደ ታመመ ሰው ነው፣ መድኃኒቱን የማያውቅ የለም። አንዱ አሮጌውን ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጣው አለኝ። አንዱ ጥላ ውስጥ ቅበረው አለኝ። አንድ የታሪክ መምህር ደግሞ የባትሪ ነገር ከድሮውም ብዙ እንዳላማረው ነግሮኝ ሄደ።

በመጨረሻ ገበያው ዳር ካለ ነጋዴ ዘንድ ባትሪ ተገኘ፤ ጋሽ ዘለቀም ለምርጫው አብረውኝ መጡ። ነጋዴው ሦስት ነበረው። አንዱ የሞተር ሳይክል ነው፤ እሱን ሳይ ያ የኢታንጉ ሰውዬ ትዝ ስላለኝ ፊቴን አዞርኩ። አንዱ የከባድ መኪና ነው፤ እሱን ከቮልሷ ውስጥ ከማስገባት ቮልሷን እሱ ውስጥ ማስገባት ይቀላል። ሦስተኛው መካከለኛ፣ ግን አንገተ ረጅም ነበር።

«ለዚህች መኪና ይሆናል?» አልኩት።

«ባትሪ ባትሪ ነው» አለ ነጋዴው።

የምለካበት ነገር ስላልያዝኩ በስንዝር የለካሁትን የቮልሷን የባትሪ ቦታ በሐሳቤ ይዤ፣ ባትሪውንም በስንዝር ለካሁት። ርዝመቱ ልክ ነው። ስፋቱ ልክ ነው። አሁንም ልቤ አላርፍ ብሎ ስዞረው ጋሽ ዘለቀ ሰለቻቸው።

«ሂሳብ አታብዛ» አሉኝ። «ለልጅ ጫማ ስትገዛ ልክክ ያለውን ትገዛለህ? ሰፋ ታደርግለታለህ፤ ያድግበታል።»

«ጋሼ፣ መኪና እኮ አያድግም።»

«ችግርህስ አያድግም? ውሰደው።»

ወሰድኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁና ሳቁብኝ። እኔ ለዘጠነኛ ክፍል ይዘት የማስተምር ሰው ነኝ። ይዘት ማለት ርዝመት ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በቁመት ነው። ቁመት ለሚረሳ ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው፤ ለዜሮው ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ዓይንና አፍ እሠራለታለሁ።

ባትሪው ደረቅ ነበር፤ አሲዱን እኛው ሞላንበት። ጥቂቱ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ፤ ሱሪዬ እዚያው ወንፊት ሆነ። መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ ስለነበር፣ ቻርጅ በሚያደርግልኝ ሰው በርና በባሮ ድልድይ መካከል ስመላለስ አመሸሁ። አንድ ፖሊስ ምን ጠፍቶህ ነው አለኝ። ቅዳሜ እየመጣ ነው አልኩት። ለሁሉም ይመጣል ብሎኝ አለፈ።

ዓርብ ከሰዓት ባትሪውን ገጠምኩት። ቮልሷ በአንድ ጊዜ ተነሳች፤ በደስታ ጎኗን ሳምኳት፣ ግላ ስለነበር ከንፈሬ ተቃጠለ። የኋላውን ወንበር ልመልስ ስል ግን አልወርድ አለኝ። ቀኙ በኩል እንደ ኩይሳ ጉብ ብሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም ጊዜ አልነበረኝም። ጆንያ አጥፌ ባትሪው ላይ ጣል አደረግሁና ወንበሩን ከላይ ተጭኜ አስተካከልኩት። ከዚያ ራሴ ተቀመጥኩበት። ምንም አልሆነም። እኔ እንደ ማንኛውም የዘመኑ መምህር ቀላል ነኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነሳን። ኦሞድ መንገድ ስለሚያውቅ ከፊት፣ ሙላቱ ከኋላዬ፣ ጋሽ ዘለቀ ለበዓል ብቻ የምትወጣ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ከኋላ በስተቀኝ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ወንበሩ አቃሰተ። ቮልሷም ወደ ቀኝ ዘንበል አለችና በዚያው አንገቷን እንዳዘመመች ከከተማ ወጣች።

ብዙም ሳንርቅ ጋሽ ዘለቀ «ዛሬ ሙቀቱ ባሰ» አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ጋምቤላ ከገቡበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው ዛሬ ሙቀቱ ባሰ ሲሉ ነው የኖሩት። እኛ ሰፈር እንደ እንዴት አደራችሁ ነው የምንሰማው።

«ይኼኛው ከታች ነው የሚመጣው» አሉ ትንሽ ቆይተው።

«መሬቱ ነው» አለ ኦሞድ ዞር ሳይል። «የእኛ መሬት ፀሐይ ይጠጣል። በኋላ ይተፋል።»

«ገና ረፋድ እኮ ነው።»

«ዛሬ ቶሎ ጠግቦ ይሆናል።»

ጋሽ ዘለቀ ተገላበጡ። ሙላቱ እጁን ግንባራቸው ላይ አሳረፈና ፊቱ እንደ ሐኪም ከበድ አለ። «ዘለቀ፣ አንተ ትኩሳት አለህ። ብርድ ብርድ አይልህም?»

«ምን ብርድ አለ፤ እየተጠበስኩ ነው።»

«እሱ ነው። ብርዱ ቀጥሎ ይመጣል። ወባ ነው» አለና ከኮት ኪሱ ክሎሮኪን አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሽ ዘለቀ ያን መራራ ክኒን ያለ ውሃ ዋጡት። በሁለት ጠላት መካከል ሆነው ተቀመጡ፤ አንዱ ምላሳቸው ላይ፣ አንዱ ሱሪያቸው ሥር።

ቀጥሎ ጭሱ መጣ። የበጋው ማለቂያ ላይ ነን፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ አዲስ ቡቃያ እንዲወጣ ሣሩን እያቃጠሉት ነው። ጋምቤላ በዚያ ወር ጭስ የማይሸት ሰው የታመመ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙላቱ ሲያስለው «ሣር ነው፤ መስኮት ዝጉ» አልኩ። መስኮት ዘጋን። ጭሱ ባሰ። «በደንብ ዝጉት» አልኩ። በደንብ ዘጉት። ጭሱ አሁንም ባሰ። መስኮት በተዘጋ ቁጥር ጭስ ከጨመረ እሳቱ ያለው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ብዬ ፈተና ላይ ባወጣው ሰነፍ የምላቸው ተማሪዎቼ ሁሉ ይመልሱታል። እኔ ግን እጄን መሪው ላይ፣ ልቤን አቦቦ ላይ አድርጌ እነዳለሁ።

አንድ ጉድጓድ ገባንና ወጣን። ጋሽ ዘለቀ ጮኹ። ያን ሁሉ ሰውነት ይዘው ሲነሱ ራሳቸው ጣሪያውን መታው፤ ተመልሰው ሲቀመጡ ደግሞ የወንበሩ የብረት ሞላ ባትሪውን አገኘውና ከሥራቸው እሳት ቦግ አለ።

የቮልስ በር ሁለት ነው። ከኋላ ያለ ሰው ለመውጣት ከፊት ያለው መውረድ፣ ወንበሩም መታጠፍ አለበት። መኪናዋን እንዳቆምኩ ኦሞድ ወርዶ የወንበሩን መታጠፊያ ሲፈልግ፣ ጋሽ ዘለቀ በእሱ ትከሻ ላይ ወጥተው መሬት ደረሱ። ሰው እንዲህ ሲቸኩል አይቼ አላውቅም። ለመጠጥ የያዝነውን ውሃ ደፋንበት፣ አሸዋ በተንንበት፤ እሳቱ ጠፋ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። አንገተ ረጅሙ ባትሪ የወንበሩን ሞላ ይነካል፤ በመካከላቸው የነበረው ጆንያ በጋሽ ዘለቀ ክብደትና በመንገዱ ኮረኮንች ተበልቶ አልቋል፤ ሁለቱ ብረቶች ሲገናኙ ኮንታክት ፈጥረው የወንበሩን ጭድ አቀጣጥለዋል። ቁመት። የረሳሁት ቁመት።

የግራጫዋ ሱፍ ሱሪ መቀመጫዋ ላይ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ወጥቶባታል። በቀዳዳው የሚታየው የጋሽ ዘለቀ ገላ ደግሞ ቀልቷል። ሙላቱ ጎንበስ ብሎ መረመረና ቅባት ቀባቸው። ስለ ወባው ዳግመኛ ምንም አላለም።

ማልቀስ አማረኝ። «ጋሼ፣ እንመለስ» አልኳቸው። «ይቅር። በእግዜር ነገሩ ይቅር።»

ጋሽ ዘለቀ አቧራቸውን አራገፉ። «የተላከ ሽማግሌ ከመንገድ አይመለስም» አሉ። «እንደውም ደግ ሆነ። በእኛ ወግ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። ቆሜ እናገራለሁ፤ ጀርባዬን ለግድግዳ እሰጣለሁ። ማን ያየኛል?»

ባትሪውን ነቀልኩትና ከፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጣልኩት። ደግነቱ ሞተሩ አልጠፋም ነበር፤ ዲናሞዋ ይዟታል። ካጠፋኋት ግን አትነሳም። እንዲህ ሆነን ጉዞ ቀጠልን፤ ጋሽ ዘለቀ ወንበሩ ላይ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ወደ ኋላው መስተዋት አዙረው፣ ያለፍነውን መንገድ እየተሰናበቱ።

የአቶ ኦቻላ ግቢ ስንደርስ እኔ መኪናዋን ከአጥሩ ሥር አቁሜ፣ ሞተሯን እያስጮኽኩ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ገቡ። አጥሩ የሸምበቆ ስለሆነ ሁሉም ይታየኛል፤ ሞተሩ ሲያርፍልኝ ደግሞ ይሰማኛል። አቶ ኦቻላ ከማንጎ ዛፍ ሥር ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። አማርኛ የተማሩት የአልዌሮ ግድብ ሲሠራ ነው፤ አንቱታ የሌለበት፣ ቀጥ ያለ አማርኛ ነው።

«ተቀመጡ» አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ጀርባቸውን ለጎጆው ግድግዳ ሰጥተው፣ «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ብለው ንግግራቸውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙላቱም አብሯቸው ቆመ። ኦሞድ ግን ወዲያው ቁጭ አለ፤ አገሩን ያውቃላ።

አቶ ኦቻላ አንድ ጊዜ የቆሙትን፣ አንድ ጊዜ የምትጮኸውን መኪና ተመለከቱ። «ከክልል ናችሁ?» አሉ።

«አይደለንም።»

«ሰው ልትይዙ ነው?»

«ኧረ ለጋብቻ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«በእኔ ቤት በሰላም የመጣ ሰው ይቀመጣል። መኪና ያጠፋል። የሚቆም ሰው ጠብ ይዞ መጣ። ተቀመጥ፣ እንነጋገር። ካልተቀመጥክ ሂድ።»

ሙላቱ ተቀመጠ። ጋሽ ዘለቀ ቆመው ቀሩ። ኦሞድ በአኙዋ ቋንቋ አንድ ነገር ቢልም አቶ ኦቻላ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ተቀመጡ ጋሼ፣ ተቀመጡ እያልኩ በልቤ እለምናለሁ። ግን እንዴት ብለው ይቀመጡ? ቀዳዳው ቢቀር ቁስሉ አለ። አሪየትን በስንዝር ለካሁና አጣኋት፤ በዚያች ሰዓት ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

«ሾፌሩን ጥሩት» አሉ አቶ ኦቻላ። «ሾፌር አይዋሽም።»

ጠሩኝ። ሞተሩን ሳላጠፋ ትቼው ገባሁና ተቀመጥኩ። አሪየት በቅል ውሃ ይዛ መጣች። ለማታውቀው ሾፌር እንደሚሰጥ አድርጋ ስትሰጠኝ ዓይኗን አላነሳችም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጣል። ከሳቅ ይሁን ከፍርሃት አልለየሁም።

«ሾፌር» አሉኝ አባቷ፣ «እነዚህን የላከ ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ራሴን እንዳመሰግን ዕድል ተሰጠኝ። ጋሽ ዘለቀ በዓይናቸው ተናገር ይሉኛል። አፌን ከፈትኩ፤ አስተዋይ ነው ልል ነበር፣ በአፍንጫዬ የተቃጠለ ጭድ ሸተተኝ። ጠንቃቃ ነው ልል ነበር፣ የጋሽ ዘለቀ ሱሪ ታየኝ። «ልጅዎን ይወዳታል» አልኩ በመጨረሻ። «ሌላ ሌላው ላይ ብዙም አይደለም።»

ይኼኔ ቮልሷ አንድ ጊዜ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ጠፋች። ግቢው ጭር አለ። እኔም ሳላስበው ራሴን በሁለት እጄ ይዤ፣ «እኔ ደደብ፣ እኔ የማልረባ» አልኩ።

አቶ ኦቻላ ወደ እኔ ዞሩ። «ሾፌር መኪና ሲጠፋበት ባለቤቱን ይሰድባል» አሉ። «አንተ ራስህን ሰደብክ። ሰውየው አንተ ነህ።»

መዋሸት አልቻልኩም። ነኝ አልኳቸው። ከዚያማ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ባትሪውን፣ ስንዝሩን፣ ጆንያውን፣ መስኮቱን ስዘጋ ጭሱ መባሱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ዘለቀ ነገሩ እንዳለቀለት ሲያዩ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀዳዳዋ ከነቁስሏ ለቤቱ ሁሉ ታየች። የአሪየት እናት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አቶ ኦቻላ ግን አልሳቁም። «ይሄ ሰው አጎትህ ነው?» አሉኝ።

«አይደሉም።»

«ምንህ ነው?»

«ጎረቤቴ ናቸው። ወፍጮ ቤት አላቸው።» ይህን ብዬ ላቆም ነበር፤ አላስቻለኝም። «የመጣሁ ዓመት ወባ ጣለኝ። ማንንም አላውቅም ነበር። በሩን ሰብረው ገብተው በጀርባቸው አዝለው ሆስፒታል የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በራቸውን ሳላንኳኳ ነው የምገባው።»

«ጎረቤት» አሉ አቶ ኦቻላ። «እሳት ላይ ተቀምጦ ለአንተ እዚህ ድረስ መጣ?»

«እውነቱን ለመናገር እሳት መሆኑን አላወቀም ነበር» አለ ሙላቱ። «ወባ መስሎት ነው።»

«ካወቀ በኋላስ ተመለሰ?»



አቶ ኦቻላ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አሪየት፣ የዚህን ሰውዬ በር ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አለች። «አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ከእሱ ቤት ቀጥሎ።»

«ጥሩ» አሉ። ኦሞድ ጉልበቴን ሲጨብጠኝ ነው እሺ መባሌ የገባኝ። ስለ ቀረው ነገር ከዝናቡ በኋላ እንደሚነጋገሩ፣ ለዚያ ደግሞ በአቦቦው ፒክአፕ እንድንመጣ ተነገረን።

ምሳ ቀረበ። የግድቡ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ነበር። «አሁን እሺ ብያለሁ፤ ተቀመጥ» አሏቸው አቶ ኦቻላ ጋሽ ዘለቀን። ጋሽ ዘለቀ ለመቀመጥ ሞከሩ። እግዜር ያውቃል፣ ከልባቸው ሞከሩ፤ ግማሽ መንገድ ወርደው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ተመልሰው ቆሙ። «እናንተ ብሉ፣ እኔ ግድ የለኝም» አሉ፤ ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ ነበር።

አቶ ኦቻላ ሳህናቸውን አነሱና ተነሱ። ረጅም ስለሆኑ መነሳታቸው ጊዜ ይወስዳል። መጥተው ከጋሽ ዘለቀ ጎን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና ከሳህናቸው ዓሣውን ቆርሰው «ብላ» አሏቸው። ከዚያ ባለቤታቸው ተነሱ፣ ኦሞድ ተነሳ፣ ሙላቱ ተነሳ፣ አሪየትም መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ሁላችንም ቆመን በላን።